ቤታችሁን ጨርሳችሁ ኑ

የአብራሪዎች ማሰልጠኛው ኃላፊ ለአዲስ ገቢዎችና ለቤተሰቦቻቸው ገለጻ ባደረገ ቀን የተናገረውን አንድ ነገር እስከዛሬ ይቅር ልለው አልቻልኩም። "ቤታችሁን ጨርሳችሁ ኑ" አለ። ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። "ሙሉ ጊዜ ማለት ሙሉ ጊዜ ነው። የታመመ ዘመድ፣ ያልተቋጨ ጉዳይ፣ የቤት ጣጣ ያለበት ከአሁኑ ይጨርስ። ሐሳቡ ቤቱ የቀረ ልጅ አየር ላይ አያስፈልገኝም። በመጀመሪያው ዙር ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ቀን የቀረ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።" ከዚያ ውሃውን ጠጣና ስለ ጫማ ቀለም ማውራት ጀመረ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ በሆዴ ስሰድበው ነበር። ቤት የሚያልቅ ነገር ነው እንዴ? ሰው ቤቱን የሚጨርሰው ሲሞት ነው። አጠገቤ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ግን የተባለውን ሁሉ እንደ ሕግ እየተቀበለ ራሱን ይነቀንቃል።

ጭራሮ ነው የምንለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋ ሸሽቶታል። ለጤና ምርመራ የሄደ ጊዜ ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ "አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ሰው አለ?" ብሎ ቀልዶበት ነበር። ያም ሆኖ ዓይኑም፣ ጆሮውም፣ ልቡም፣ ደሙም አለፈ። ሥራው የሊፍት ጥገና ስለነበር "ሰው ስታወጣና ስታወርድ ኖረህ አሁን ደግሞ ራስህ ልትወጣ ነው" እያልኩ አሾፍበታለሁ። ሹፈቴ የኩራት ነው። በነፃ ለመሰልጠን ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ተፈትኖ ጥቂቶች ሲያልፉ እሱ አንዱ ሆነ። ዕድሜውም ለመግባት የሚፈቀደው ጣሪያ ላይ ደርሶ ነበርና ይህ ካመለጠው ሌላ ዕድል የለውም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ዝግጅቱ ራሱ አላስቸገረንም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። ነጭ ሸሚዞቹን ትከሻቸው ላይ ማዕረግ ከሚገባበት ማንገቻ ጋር ሰፋሁለት። ጥቁር ጫማ ገዛን። ሥልጠናውን ከጨረሰ አንድ ልጅ ያገለገለ የጆሮ ማዳመጫ አገኘና ስፖንጁ ተቦጫጭቆ ስለነበር በለስላሳ ጨርቅ ለበጥኩለት። ጭን ላይ የሚታሰር የመጻፊያ ሰሌዳ፣ የእጅ ባትሪ፣ የፀሐይ መነጽር ተሟላ። ሥራውን በአግባቡ ለቀቀ፤ አለቃው "ሞተሩ አየር ላይ ቢቆምብህ እኛ ጋ እንዳትደውል" ብሎ ሸኘው። ትምህርቱ ሲጀመር እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው፣ ቀድማችሁ አንብቡ ስለተባሉ ጠዋት ጠዋት ስለ ንፋስና ስለ ደመና ያነባል። አብራሪዎች በሬዲዮ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙባቸውን ፊደሎች አባባን እያጠበ ሳይቀር ያነበንባቸዋል።

የቀረን አባባ ነበር።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል። እናታችን ከሞተች በኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ በመጨረሻ እኛን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባባ ሞኝም ወረቀትም ስላልነበረ ሁሉንም ለቀቀ። መንገዱን ብቻ አልለቀቀም። በረንዳው ላይ ያለችው የብረት አግዳሚ ወንበር መኪናው ሆነች። በእሱ ዓይን እኔ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያለኝ ሴትዮ ነኝ፤ "እትዬ" እያለ ሲያከብረኝ ለጉድ ነው። ጭራሮ ደግሞ ረዳቱ ነው፤ ማለትም ጎማ የሚያየው፣ ጭነት የሚያስረው፣ ሹፌሩን እንቅልፍ እንዳይወስደው በወሬ የሚይዘው ልጅ። አባታችንን "አንተ" እያልን ያደግን ልጆች "ጋሼ" እና "እርስዎ" ማለት ለመድን።

በየማዕዱ እንዲህ ይባላል። ጭራሮ የአግዳሚዋን እግሮች በዱላ መታ መታ ያደርግና ይመጣል።

"ጋሼ፣ ጎማ ታይቷል።"

"የኋላውም?"

"የኋላውም።"

"ዘይት?"

"ልክ ነው።"

"ገመድ?"

"ጠብቋል። ጭነቱ ንቅንቅ አይልም።"

"በል ና፣ ቀመስ አድርገን እንነሳ።"

ይህ ካልተባለ አባባ እህል አይነካም። ገላውን እንዲታጠብ ጭራሮ "ኬላው ላይ ቆሻሻ ሹፌር አያሳልፉም" ይለዋል። ክኒኑ በረሃ ለሚያቋርጥ ሰው የታዘዘ መድኃኒት ነው። ሲመሽ "መንገዱ ተዘግቷል፣ እዚሁ እንደር" ይለውና ያስተኛዋል። እኔ ሰሃኑን ይዤ ብቻዬን ከቀረብኩ "እጅሽ ይባረክ እትዬ፣ ረዳቴ ይምጣና እንበላለን" ብሎ ይመልሰኛል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ከከሳ ከአልጋ አይነሳም ብሎናል። እንግዲህ "ቤታችሁን ጨርሱ" የተባልነው ይህንን ነው።

የልምምዱ ሐሳብ የራሱ የጭራሮ ነበር። "እታለም፣ እኛ እኮ አውሮፕላን ከመንካታችን በፊት መሬት ላይ በቆመ ማሽን ነው የምንለማመደው" አለኝ። "መብረር የሚመስል፣ ግን ብትሳሳቺ የማትሞቺበት። እኛም እንለማመድ። ሄጃለሁ እንበልና ከጓሮ ዕቃ ቤት ልግባ። አንቺ አብዪው።"

እሺ አልኩት። ወንድሜን በገዛ ቤቱ ውስጥ ደበቅኩት። ከአሮጌ ጎማና ከተሰበረ ቁም ሣጥን መካከል ፍራሽ ዘርግቶ፣ መጽሐፉን ታቅፎ፣ እንደ ሽፍታ ተቀመጠ። ምግቡን በጓሮ በር አስገባለታለሁ። ባየኝ ቁጥር "በላ?" ይለኛል፤ እኔም ሰሃኑን አሳየዋለሁ።

አባባ አልበላም። "ረዳቴ የታለ?" ሲለኝ መጀመሪያ መለዋወጫ ሊገዛ ሄዷል አልኩት። "እጠብቀዋለሁ" አለና ጠበቀ። ታሟል አልኩት። "የት ነው የተኛው?" ብሎ ጫማውን አጠለቀ። አግብቷል ስለው ደግሞ ፊቱ በራና "ሳይጠራኝ?" እያለ ኮቱን ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ገለበጠው። በመጨረሻ ያምርልኛል ብዬ የተመካሁበትን አመጣሁ። የራሱን መኪና ይዞ ሹፌር ሆኗል አልኩት።

አባባ ቀና ብሎ አየኝ። "መሪ ያስያዘው ማነው?"

"ሌላ ሹፌር ነዋ ጋሼ።"

"የኔ ረዳት ሆኖ ሌላ ሰው መሪ ያስይዘዋል?" አለ። "ይቅርታ አድርጊልኝና እትዬ፣ ውሸታም ነሽ።"

ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። በማግስቱ የልብስ ልክ ስወስድ ዓይኔ አፍታ ሲዘናጋ አባባ በሩን ከፍቶ ወጣ። "ረዳት! ረዳት!" እያለ ሲጣራ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጎረቤቶች ሲጮኹ ስደርስ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ወድቆ ነበር፤ ጉልበቱ ተልጦ ደሙ ካልሲው ውስጥ ይወርዳል። ጭራሮም ጩኸቱን ሰምቶ ከዕቃ ቤት በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ። ቦዩ ውስጥ ገብቶ አቀፈው።

አባባ አንገቱን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። "የት ጠፋህ አንተ ልጅ? ጥዬህ ልነሳ መስሎህ ነው? እኔ ረዳቱን መንገድ ላይ ጥሎ የሚነሳ ሹፌር ነኝ?"

በዚያ ቀን እስኪጠግብ በላ። ጭራሮ ጉልበቱን አጥቦ ካሰረለት በኋላ ወደ ኩሽና መጣና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ቀርቻለሁ እታለም" አለኝ። "ሊፍት ቤቱ ይመልሰኛል።"

እጄ ላይ የነበረውን ጭልፋ ወረወርኩት፤ ደግነቱ ስቼዋለሁ። "ትቀራለህ? ትቀርና ምን ልታደርግ? አባባ ሲሞት አንተ በአርባ ዓመትህ የሰው ሊፍት ውስጥ ቅባት ስትቀባ ልይህ? እናታችን አንተን ሰማይ ስታሳይ የኖረችው ለዚህ ነው? እኔን እይ! እኔ ቀርቼ ምን ሆንኩ?" ይህንን የመጨረሻውን ለማለት አላሰብኩም ነበር። ቀርቼ ምን እንደሆንኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

ጭልፋውን አንስቶ አጠበው። ካጠበው በኋላም ለረጅም ጊዜ በእጁ ያገላብጠው ነበር።

"ናፍጣ ሰርቆ ተባሯል በይው" አለ።

"ማን?"

"ረዳቱ። እኔ። ያ ቀይ ረዳቱ ትዝ ይልሻል? እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ።"

ትዝ አለኝ። እየመጣ ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚያዞረን፣ አባባ እንደ ልጁ የሚያየው ልጅ ነበር። አንድ ምሽት አባባ ብቻውን መጣ። እናታችን "ልጁስ?" ስትለው "ናፍጣ ቀድቶ ሸጠ" አለና እጁን ታጥቦ በላ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲጠራ አልሰማነውም። ሹፌር ለረዳቱ ብዙ ነገር ያልፍለታል፤ ቢያንቀላፋ፣ ቢሰክር፣ ሚስት ቢደብቅ። ናፍጣ የቀዳበትን ግን በረሃ ላይ ሊያስቀረው የነበረ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው።

"አላደርገውም" አልኩት። "አባቴ ፊት ወንድሜን ሌባ አልልም።"

"ወንድምሽን አይደለም። ረዳቱን ነው።"

"እሱ የሚያውቅህ በረዳትነትህ ብቻ ነው እኮ፤ ሌላ ምን ቀረህ?"

ረዳት ሲሆን የሚያደርገውን ኮፍያና ዘይት የጠገበውን የሥራ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ።

ጠዋት ጸጉሬን ጠቅልዬ ኮፍያውን ደፋሁ። ጃኬቱ ክንዴን አለፈ። ዱላዋን ይዤ የአግዳሚዋን እግሮች መታሁና ፊቱ ቆምኩ። ድምፄን ማጎርነን አላስፈለገኝም፤ አባባ ኮፍያውን እንጂ ቀሚሴን አላየም።

"ረዳቴ የታለ?"

"ተባሯል ጋሼ። ናፍጣ ሲቀዳ ተያዘ።"

መንጋጋው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

"ማን አየው?"

"እኔ።"

"አንተስ ማነህ?"

"አዲሱ ረዳት ነኝ።"

አባባ ወደ ቅጥሩ በር ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ እጁን ወደ ሰሃኑ ዘረጋ። አንዲት ፍርፋሪ ሳያስቀር በላ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አብሬ ጎረስኩ።

ባዶውን ሰሃን ይዤ ዕቃ ቤት ገባሁ። ጭራሮ በሩ ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። "በላ?" አለኝ እንዳልሰማ ሁሉ። "ጨረሰ" አልኩት። "አየሽ" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

ሌላው ዝግጅት ከዚያ በኋላ በራሱ ተጠናቀቀ። ጸጉሩን ተቆረጠ። ማደሪያ ክፍሉን አይቶ መጣ። ሸሚዞቹን ተኩሼ አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ደረደርኩ። በየማዕዱ ረዳት እየሆንኩ አባባን አበላሁ፣ አጠብኩ፣ አስተኛሁ። በየማዕዱ ማለቴ እውነቴን ነው፤ አባባ የተነገረውን ስለሚረሳ ከእያንዳንዱ ሰሃን በፊት "ረዳቴ የታለ?" ይላል፤ እኔም ከእያንዳንዱ ሰሃን በፊት ወንድሜን ሌባ እላለሁ። ነገሩን ቢረሳም ንዴቱን ግን አይረሳም ነበር። ያ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ተጠራጣሪ ሆነ። የእኔንም እጅ እያሸተተ ነው ወደ ማዕድ የሚያስቀርበኝ።

የሚሄድበት ቀን ጠዋት ጭራሮን በጓሮ በር ላስወጣው ተነጋግረን ነበር። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ጓሮው ላይ ቆመ። መሄድ ግን አልቻለም።

"አንዴ ልየው" አለ።

"ተው ጭራሮ።"

"ዝም ብዬ አልፋለሁ። አያውቀኝም፤ ሸሚዝ ለብሻለሁ።"

ልጅ አይደል፤ እንዳያውቀው ፈርቶ፣ እንዲያውቀውም ተመኝቶ ነው የገባው። በበረንዳው በኩል ብቅ አለ። አባባ አግዳሚው ላይ ነበር፤ ቁርሱን ገና መጨረሱ ነው። ቀና አለ። አወቀው።

"ያዘው!" አለኝ። "ሌባው ነው። ያዘው አንተ!"

ኮፍያው እራሴ ላይ ነበር፤ ምን ላድርግ? ሄጄ የወንድሜን ክንድ ያዝኩ። ጭራሮ "እሺ በይው" ብሎ በከንፈሩ ብቻ ነገረኝ።

"ሻንጣውን ፈትሽ" አለ አባባ።

ተንበርክኬ ከፈትኩት። የሰፋኋቸውን ሸሚዞች አንድ በአንድ እያወጣሁ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩ። አባባ እያንዳንዱን አራግፍ ይለኛል፤ አራግፋለሁ። ጫማውን ገለበጥኩት። የጆሮ ማዳመጫውን ሲያይ "ይሄ ከየት የመጣ ነው?" አለ። "የራሴ ነው ጋሼ" አለ ጭራሮ። "አንተን አልጠየቅኩም" አለው። መጽሐፎቹን ሳይቀር አስገልጦ አየ። ናፍጣ መጽሐፍ ውስጥ ይደበቅ ይመስል።

ምንም ስላላገኘ ተነሳ። የተላጠው ጉልበቱ ገና አልዳነምና እያነከሰ መጣ። "እጅህን" አለው። ጭራሮ ሁለት እጁን ዘረጋለት። አባባ የልጁን መዳፎች ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋና ለረጅም ጊዜ አሸተታቸው። ያንን ያህል ተጠግተው ካየኋቸው ቆይቷል።

"ታጥቦ ነው የመጣው" አለ አባባ ወደ እኔ ዞሮ። ከዚያ እጆቹን ለቀቃቸው። "ሂድ። ከመኪናዬ አጠገብ እንዳላይህ።"

"እሺ ጋሼ" አለ ጭራሮ።

ሸሚዞቹን እንደገና ለማጣጠፍ ጊዜ አልነበረም። ጠቅልለን ሻንጣው ውስጥ ጠቀጠቅናቸው። በሩ ላይ አቅፌው "የናቴ ልጅ፣ ቤትህ አልቋል፤ ዞረህ እንዳታይ" አልኩት። ደግሞም አልዞረም። የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ የመጀመሪያው ሰልፍ ላይ ሲቆም ያ ጫማው ፊት የሚያሳየው ሰው ምን እንዳለው አላውቅም።

ማሰልጠኛው ውስጥ ስልክ የሚፈቀድላቸው አመሻሽ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው። ጭራሮ በየአመሻሹ ይደውላል። መጀመሪያ "በላ?" ይላል። "በላ" ስለው "ዛሬስ ስንት በርሜል ወሰድኩ?" ብሎ ይስቃል። እኔም እንዲስቅ ብዬ እጨምርበታለሁ፤ ዛሬ ባትሪውንም ነቅለሃል፣ ዛሬ ጎማ አንከባለህ ሸጠሃል፣ እላለሁ። ስለ ትምህርቱ ይነግረኛል። አሰልጣኙ ይጮህበታል፤ ከምግብ ይልቅ ጩኸት ነው የሚያጠግበን ይላል። መጀመሪያ ከአሰልጣኙ ጋር የወጣ ዕለት ሰውየው "ቤትህን ጨርሰሃል ወይ?" ሲለው "ጨርሻለሁ" ብሎ መመለሱን ሲነግረኝ ሁለታችንም አልሳቅንም።

እንዲህ እያልን ከረምን። ውሸት ሲደጋገም አፍ ይለምደዋል፤ እኔ ከነአካቴው ወንድሜ ሌባ ሳይሆን አይቀርም ማለት ሁሉ ይቃጣኝ ነበር። አባባ ግን በላ። ጉንጩ ሞላ። ሐኪሙ "ምን አድርጋችሁት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ጎማ መታሁ፣ ፊቱ ቆምኩ። "ረዳቴ የታለ?" አለ። "ናፍጣ ሰርቆ ተባሯል ጋሼ" አልኩ። እጄን እንዲያሸት ዘረጋሁለት።

አላሸተተውም። "ልጅ ነው" አለ።

"አይ ጋሼ፣ ሌባ ነው።"

"ልጅ ነው። ሰው ዝም ብሎ አይሰርቅም። ቸግሮት ነው። ምናልባት የታመመ አባት ይኖረው ይሆናል።"

አባባ ቀስ ብሎ ተነሳና የአግዳሚዋን ግማሽ በመዳፉ ጠራረገ። ከዚያ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። ለሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀ።

"ጥራው" አለኝ። "ይቅር ብዬሃለሁ ብሏል በለው። ይምጣና ቀመስ አድርገን እንነሳ።"

ከዚያ ወዲያ የማላደርገው አልነበረም። ጎማውንም ሸጧል አልኩ። "ይሽጥ" አለ። ጭነቱንም ዘርፏል አልኩ። "ጭነት ይተካል" አለ። ሊገድልዎት ነበር አልኩት፤ ይህንን ስናገር ድምፄ ሰፈር ይሰማ ነበር። አባባ አዘነልኝ። "አንተ ገና አዲስ ነህ፣ አታውቀውም። መሪ ላስይዘው ነበር እኮ" አለኝ። ቁርሱ ቀዘቀዘ። ምሳውም አጠገቡ ተቀምጦ ዝንብ ወረረው። ሌላውን ሁሉ ሲረሳ ይቅር ማለቱን እንዴት እንዳልረሳው ፈጣሪ ይወቅ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እንደማይበላ ከአቀማመጡ አወቅኩ፤ ያ ሰው ሲጠብቅ አውቀዋለሁ።

ጀንበር ስትጠልቅ ስልኩ ጮኸ።

"እታለም! ነገ ብቻዬን ነው የምወጣው!" አለ ጭራሮ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ከኛ ዙር የመጀመሪያው እኔ ነኝ። አሰልጣኙ ይወርዳል፣ እኔ ብቻዬን እዞራለሁ። ሰምተሻል? ብቻዬን!"

"ሰምቻለሁ የኔ ጌታ። እሰይ!"

"በላ?"

በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ሰሃን አየሁት።

"በላ" አልኩ።

ይኼኔ አባባ ከበረንዳው ሆኖ ስልክ እያወራሁ መሆኑን አወቀ። ተነሳና ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። "እሱ ነው? ይቅር ብዬዋለሁ በለው! ይምጣ! ረዳት፣ ና! እየጠበቅኩህ ነው!" እያለ እያነከሰ ወደ እኔ መጣ። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ ሳሎን ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

"ምንድነው የሚጮኸው? አባባ ነው?" አለ ጭራሮ። "ምን እያለ ነው?"

አባባ በሩን በመዳፉ ይመታል።

"ምን ይላል፣ ያው እንደ ልማዱ ነው" አልኩት። "ሌባ እያለህ ነው።"

ጭራሮ ሳቀ። "እንግዲያው ደህና ነው" አለኝ።